ተልባ ላይ ያረፈ አሳንሰር

ዛሬ ጠዋት ጳውሎስ አካባቢ፣ አንድ ፎቅ ላይ ያለ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ አሳንሰር ውስጥ ጠፋሁ። ሰው ጫካ ውስጥ ይጠፋል፣ ገበያ ውስጥ ይጠፋል፤ እኔ ከቁም ሣጥን በማትሰፋ ክፍል ውስጥ ጠፋሁ። ጥርሴን አስነቅዬ ስመለስ ምድር ቤት የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩና፣ ግድግዳውን ይዤ፣ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ፣ ጓ! እስኪል ጠበቅኩ። ጓ ሳይል በሩ ተከፈተ። ገና አልደረስንም ብዬ ቆምኩ። ሰው ገባ፣ ተያይዘን ወጣን። ሌላ ሰው ገባ፣ ተያይዘን ወረድን። አሁንም ጓ የለም። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ እኔ ጉልበቴን እንዳጠፍኩ ነኝ። በመጨረሻ ነጭ ጋዋን የለበሰች አንዲት ልጅ ታዘበችኝ።

“አባባ፣ የት ነው የሚወርዱት?”

“ምድር ቤት።”

“ምድር ቤት እኮ ነን! ቅድምም እዚሁ ነበሩ።”

“መቼ አረፈና?”

ልጅቷ ሳቀች። ክንዴን ይዛ እያወጣችኝ፣ “የዛሬ አሳንሰር ሲያርፍ አይሰማም አባባ” ብላ አስተማረችኝ።

አይሰማም! ለእኔ! እሷ ሳትወለድ፣ ምናልባትም እናቷ ሳትዳር፣ በዚህ በጉለሌ አሳንሰር ሲያርፍ እንዳይሰማ ያደረግኩት ሰውዬ እኔ አይደለሁም? እስከ ታክሲው ድረስ ስነጫነጭ ሄድኩ። በልጅቷ ተነጫነጭኩ፣ በጥርሴ ተነጫነጭኩ፣ በረዳቱ ተነጫነጭኩ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ግን የተነጫነጭኩት በማን እንደሆነ ገባኝ።

ይህን ነገር ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም አልተናገርኩም፤ ነፍሷን ይማርና፣ ሌላውን ጉዴን ሁሉ እየቆፈረች ስታወጣ ይህኛው አመለጣት። ለንስሐ አባቴ “ዋሽቻለሁ” ብያቸው ነበር። እሳቸውም የምን ውሸት ነው አላሉኝም፣ እኔም አላብራራሁም። ከትናንሽ ውሸቶቼ መሐል ጠቅልዬ አስገባሁትና ስግደቱን በጅምላ ሰገድኩ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። ስግደት ብታዙኝ ግን ጉልበቱ የለኝም፤ አስቀድሜ ላስታውቃችሁ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ጉለሌ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራዬ ማሽን ዘይት ማጠጣትና ብሎን ማጥበቅ ነው። የሰፈሩ ሰው ግን “መሐንዲስ” ይለኛል። እኔም “ኧረ ተዉ፣ እኔ ዘይት አጠጪ ነኝ” አላልኩም። አንድ ጊዜ እንኳ! ሰው ስም ሲያወጣልኝ አፌን ዘግቼ ደረቴን የምነፋ እኔ ምን ዓይነት ፍጡር ነኝ?

ከቤታችን ከፍ ብሎ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያወጣው አቀበት ላይ፣ የእትዬ ላቀች ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነበር። እትዬ ላቀች ዳሌያቸውን ተሰብረው ደረጃ ሲያቅታቸው፣ ነጋዴው ባላቸው አንድ ጣሊያን አምጥተው እቤቱ ውስጥ አሳንሰር አስገጠሙላቸው። አንድ ሰው ቆሞ፣ አንድ ሰው ደግሞ ተጠግቶ የሚሄድባት ጠባብ ሣጥን ናት። ከዚያ ባላቸው ሞቱ። አዋጁ መጣና የሚያከራዩዋቸው ቤቶች ተወረሱ። ለእትዬ የቀሩላቸው ይህ ቤት፣ አንድ ልጃቸው ፍቅሬ እና አስካለ ናቸው።

አስካለ የቤት ሠራተኛ ትባል እንጂ የቤቱ ሚኒስትር ነበረች። በልጅነቷ መጥታ እዚያው ያደገች ናት፤ ሌላ ቤት፣ ሌላ ዘመድ አታውቅም። እትዬን የምታጥባቸው እሷ፣ የምታለብሳቸው እሷ፣ ሲያጠፉ የምትቆጣቸውም እሷ። በዕድሜ እኩያ ስለሆንን እኔንም አትምረኝም ነበር።

የአሳንሰሩ ችግር ማረፉ ላይ ነው። ከሥሩ፣ ጉድጓዱ ውስጥ፣ ሲወርድ የሚቀበሉት ሁለት ወፋፍራም ሞላዎች ነበሩ። አንዱ ተሰበረ፤ ሌላው ዝጎ ድንጋይ ሆነ። ስለዚህ እትዬ ሲወርዱ ጓ! ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ “እትዬ ወረዱ” ይላል። ያ ጓ የተሰበረ ዳሌ ላይ በየቀኑ የሚያርፍ መዶሻ ነው። መለዋወጫ ፈልጉ እንዳትሉኝ። በዚያን ጊዜ ለአውቶቡስ ያልተገኘ ሞላ ለአሳንሰር ከየት ይምጣ? ጣሊያኑም አገሩ ገብቷል፤ በሕይወት ይኑር አይኑር አይታወቅም።

አንድ ቀን እትዬ አስጠሩኝ።

“መኮንን፣ መሐንዲስ ነህ አሉ።”

“አዎ እትዬ።”

አዎ! ሳላላምጥ!

“እንግዲያው ይሄ ነገር ቀስ ብሎ እንዲያስቀምጠኝ አድርግልኝ። እንደ ከሰል ጆንያ ምን ይወረውረኛል?”

ከጎሚስታው ያረጁ ጎማዎች ለምኜ አመጣሁና ጉድጓዱ ውስጥ አነባበርኳቸው። እትዬን አስገብተን ለቀቅነው። አሳንሰሩ አረፈና ነጠረ። ደግሞ አረፈና ነጠረ። ከውስጥ “ኧረ በሥላሴ! ኳስ አደረገኝ እኮ ይሄ ልጅ!” የሚል ጩኸት መጣ። አስካለ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

“መሐንዲስ፣ ጎሉ ገባ?” አለችኝ።

አፍሬ ጎማዬን ተሸክሜ ስወጣ ነው ያየሁት። አስካለ ሳቋን ሳትጨርስ ጓዳ ገብታ የተልባ ጆንያ ከቆጥ ላይ ወደ መሬት ገፋች። ጆንያው ወደቀ፤ ግን አልጮኸም። ፍስስ አለና እንደ ጠገበ ሰው ተቀመጠ። አልነጠረም። ጎማውን ከእጄ ጣልኩት።

“አስካለ፣ ደግመሽ ጣይው።”

“አሞሃል?”

“ጣይው ስልሽ!”

ጣለችው። ፍስስ። ተልባ ፍሬው ልሙጥ ነው፤ ሲጫኑት አንዱ በአንዱ ላይ እየተንሸራተተ ቦታ ይለቃል፤ ግፊቱን ይውጠዋል። ጣሊያን ያላሰበውን አሰብኩ ብዬ መሬት አልበቃችኝም።

“ይሄ የፍልሰታ ተልባችን ነው” አለች አስካለ። “ብትነካው እጅህን ነው የምቆርጥህ።”

እትዬ ከሳሎን ሰሙ። “ስጪው አስካለ። ከተልባው ዳሌዬ ይበልጥብኛል።”

እናንተ እዚህ ላይ መሳቅ ጀምራችሁ ይሆናል። ተልባ ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን የማያውቅ የአበሻ ልጅ አለ? የለም። በተለይ እኔ አላውቅም ማለት አልችልም፤ ጨጓራ ነበረብኝ። ማታ ማታ ያልተፈጨ ተልባ ብርጭቆ ውስጥ ዘፍዝፌ አድራለሁ፤ ጠዋት በባዶ ሆዴ እጠጣዋለሁ። ማታ የብርጭቆው ወገብ ላይ የነበረው ጠዋት አፉ ድረስ አብጦ፣ ተሙለጭልጮ፣ ማንኪያ ቢሰኩበት ቀጥ ብሎ ይቆማል። በየቀኑ! በገዛ ዓይኔ ፊት! ታዲያ የጨጓራው ተልባ ሌላ፣ የአሳንሰሩ ተልባ ሌላ መሰለኝ?

ጆንያዎቹን ደለደልኩ፣ ከላያቸው ሳንቃ አነጠፍኩ። እትዬ ገቡ፤ አስካለ እንደ ልማዷ በደረጃው ሮጣ ታች ጠበቀቻቸው። አሳንሰሩ ወረደ፣ ፍስስ አለ። በሩ ተከፈተ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ቆመዋል።

“ደረስኩ እንዴ?” አሉ።

ግንባሬን ሳሙኝ። ጠጅ ቀረበ። ጎረቤት ሊያይ መጣ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር እንኳ መጥተው ወጥተው ወረዱ፤ በስብሰባ ላይም “የጓድ መኮንን የፈጠራ ውጤት” ብለው አነሱኝ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ለራሴ!

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ጆንያዎቹን ስደለድል የጉድጓዱ ግድግዳ እርጥብ ነበር። እንጦጦ ላይ የዘነበው ሁሉ በእኛ ቤቶች ሥር ነው የሚያልፈው፤ የጉለሌ ሰው ይህን ያውቃል። እኔም ግድግዳውን በመዳፌ ነካሁት። መዳፌ ረጠበ። መዳፌን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት። ፋብሪካ ውስጥ ጆንያ የሚጠቀለልበት ላስቲክ ሞልቶ ነበር። ክረምቱ ሳይጠና አመጣለሁ አልኩ። ጠጁ መጣ። ላስቲኩ ቀረ።

ክረምቱ ጠና። አስካለ መንገድ ላይ አገኘችኝ።

“መሐንዲስ፣ አሳንሰሩ ከወለሉ ከፍ ብሎ መቆም ጀምሯል። እትዬ ሲወጡ ሊደናቀፉ ነው።”

“እግራቸውን ያንሱ በያቸው! አገሩ ወደ ላይ እያደገ አይደል?”

“የአንተ ቀልድ መቼ ነው የሚያልቀው?”

ሌላ ቀንም ነገረችኝ። ሌላ ቀንም ቀለድኩ። እንዲያውም ቀልዱ ጥሞኝ ፋብሪካ ወስጄ ደገምኩት።

ያን ሰሞን ፍቅሬ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ገባ። በአንድ ቅዳሜ የጭነት መኪናዎቹ ወደ ማሠልጠኛ ሲያልፉ ሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር ትንሽ እንደሚቆሙ ተሰማ። እትዬ የሌሊት ልብሳቸውን አውልቀው፣ አዲስ ቀሚስና ነጠላ ለብሰው፣ ፎቅ ላይ መስኮቱ ዘንድ ተቀምጠው ጠበቁ። እውነትም ፍቅሬ እየሮጠ መጣ። አለቃው “ጥሩምባ ስነፋ ካልደረስክ ወዮልህ” ብሎ ነው የለቀቀው። እትዬ አሳንሰር ውስጥ ገቡ። አስካለ በደረጃው ሮጠች። አሳንሰሩ ወረደ፤ መሬት ሊደርስ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ።

የታችኛው በር የሚከፈተው አሳንሰሩ ቦታው ላይ፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ጣት ከፍ ብሎ፣ ሲቀመጥ ብቻ ነው፤ ጣሊያኑ ሰው ጉድጓድ እንዳይገባ ብሎ እንዲህ አድርጎ ሠርቶታል። ገመዱ ሲላላ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ራሱ ይቋረጣል። ስለዚህ ወደ ታችም የለ፣ ወደ ላይም የለ፣ በሩም አይከፈት። አስካለ የጎረቤት ልጅ ልካ አስጠራችኝ። ስደርስ ፍቅሬ ወታደር ልብስ ለብሶ በሩን ይታገላል። በበሩ ላይ የብረት ፍርግርግ ያለው ትንሽ መስታወት አለ፤ በእሱ በኩል የእትዬ ወገብና የነጠላቸው ጥለት ብቻ ይታያል።

አሁን በደንብ ስሙኝ። ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ከፎቁ ላይ በእጅ የሚዞር መዘውር ነበር። መብራት ሲጠፋ አሳንሰሩን ወደ ላይ መጎተቻ ነው። እሱን ባዞረው እትዬ ወደ ፎቅ ይመለሳሉ፤ የላዩ በር ይከፈታል፤ ፍቅሬ በደረጃው ወጥቶ እናቱን ይስማል። ያለቀ የደቀቀ ነገር ነው። አስካለም ታውቀዋለች፤ እኔ ሳልፈቅድ እንዳይነካ ብዬ ስለነበር ነው የጠበቀችኝ።

“መዘውሩን ላዙረው?” አለችኝ።

“እንዳትነኪ! ገመዱ ይበጠሳል!”

ገመዱ አይበጠስም። ገመዱ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ የተበጠስኩት። አሳንሰሩ ከተነሳ በመስታወቱ ሥሩ ይታያል። ሥሩ ያለው ምን እንደሆነ በሩ ዘንድ እንደቆምኩ ገብቶኛል። ያ ሁሉ ሰው ያጨበጨበለት ፈጠራ ገንፎ ሆኖ፣ አብጦ፣ አሳንሰሩን ተሸክሞ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ምን ይላሉ? ፋብሪካው ምን ይላል? አስካለ ስንት ዓመት ትስቅብኛለች? አያችሁ? አንዲት እናት ልጇን ለጦርነት ስትሸኝ እኔ የማስበው አስካለ እንዳትስቅብኝ ነው።

ስለዚህ መዘውሩን አላዞርኩም። “ከሥር የተያዘ ነገር አለ፣ አሁን እለቀዋለሁ” ብዬ በቤቱ ጀርባ በምትገኘው ትንሽ የብረት በር ባልዲ ይዤ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። ትንሽ ብቻ ቢቀንስ አሳንሰሩ ዝቅ ይላል፣ በሩ ይከፈታል፣ ማንም ሳያይ ያልፋል አልኩ። ጆንያዎቹ ተቀደዋል። እጄን ሰደድኩ፤ እስከ ክርኔ ዋጠኝ። ዘገንኩ፣ ከጣቶቼ መሐል አመለጠኝ። በባልዲ ቀዳሁ፣ ግማሹ ተመልሶ ወረደ። የራሰ ተልባ በእጁ ይዞ የሚያውቅ ሰው ይፍረድ፤ ይዞታል አይባልም፣ ለቆታል አይባልም።

እትዬ ራሴ ላይ ናቸው። በመካከላችን አንድ ሳንቃና አንድ ወለል ብቻ ነው ያለው። ሁሉንም ሰማሁ።

“እማዬ፣ አለሁ፣ ይኸው እዚህ ነኝ።”

“አትታየኝም ልጄ። እኔ ማጎንበስ አልችል፤ አንተ ከፍ በል።”

አስካለ በርጩማ ስትጎትት ሰማሁ።

“እህ፣ አሁን አየሁህ። ፀጉርህን ላጩህ?”

“ላጩኝ።”

“በዚህ ብርድ! አስካለ፣ ኮፍያውን አምጪለት። ያንን የሱፉን።”

“አይፈቅዱልኝም እማዬ።”

“ኮፍያ ምን አደረጋቸው?” ደግሞም፣ “አሁን ይለቀዋል አይደል? መኮንን አሁን ይለቀዋል?”

“ይለቀዋል እትዬ” አለች አስካለ። “መሐንዲሱ ከሥር ነው።”

መሐንዲሱ ከሥር ነው! ያን ጊዜ እንኳ ባልዲውን ወርውሬ ደረጃውን ብሮጠው ይደርሳል። ይደርስ ነበር። ለምን አልሮጥኩም? እጄ እስከ ብብቴ ተልባ ነበር፤ ሰው ያየኛል። መልሱ ይህ ነው። ከዚህ የተሻለ መልስ ስንት ዓመት ፈለግኩ፤ የለም።

የመኪናው ጥሩምባ ከሩቅ ተነፋ።

“ግንባርህን መስታወቱ ላይ አድርገው” አሉ እትዬ። “እንትፍ! እንትፍ! እንትፍ! የወጣህበት በር ይመልስህ። እኔን አፈር ሳይበላኝ ይመልስህ።”

ጥሩምባው ደገመ። የወታደር ጫማ ሮጠ።

ያን ጊዜ ወጣሁና መዘውሩን አዞርኩ። አንድ ራስ ሽንኩርት ተልጦ እስኪከተፍ ድረስ ያለ ጊዜ ነው የፈጀው። እትዬ በላይኛው በር ወጡ። አላለቀሱም። ታች ወርጄ ሳይ ምርቃታቸው መስታወቱ ላይ ቀርቷል፤ ምራቃቸው ወደ ታች ወርዶ ፍርግርጉ ላይ ቆሟል። ልጠርገው እጄን ዘረጋሁ፤ በመስታወቱ በወዲያኛው ፊት ነው፣ አይደርስም። እትዬ ከላይ ሆነው ጠየቁ።

“ምንድነው ይሄ ነገር የሆነው?”

እኔም መልስ ሰጠሁ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳያስፈራራኝ፣ እንዲህ አልኩ፦

“ውሃ ገብቶ ነው እትዬ። ወለሉ ሲታጠብ ውሃው ወደ ጉድጓዱ እየወረደ ተልባውን አበላሽቶታል።”

ወለሉን የምታጥበው ማን ናት? ስሟን አልጠራሁም። ስሟን ስላልጠራሁ አልዋሸሁም ብዬ ለራሴ የነገርኩበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለ ጠበቃ ነኝ።

“እኔ?” አለች አስካለ። “እኔ በረጠበ ጨርቅ ነው የምወለውለው! መሐንዲስ፣ ከፍ ብሎ ይቆማል ብዬ ነግሬህ አልነበር?”

“ከፍ ማለቱን ነገርሽኝ። ውሃ ማፍሰስሽን መቼ ነገርሽኝ?”

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በዚህ አፍ። ጥርሱ አንድ በአንድ ቢወልቅ ይበዛበታል?

እትዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጃቸውን ሳይስሙ የሸኙ እናት ነበሩ፤ ያን ዕለት አንድ የሚቆጡት ሰው ያስፈልጋቸው ነበር፤ እኔ አቀረብኩላቸው። “ፊትሽን አልይ” አሉ። አስካለ እግራቸው ላይ ወደቀች። ጎረቤት ለመነ። እኔም ከለማኞቹ መሐል ገብቼ ለመንኩ፤ ይህንንም አድርጌያለሁ። እትዬ አልሰሙም። አስካለ ከልጅነቷ ጀምሮ ከኖረችበት ቤት በማግስቱ አንድ የእንጨት ሣጥን ይዛ ወጣች። ሣጥኑን የተሸከምኩላት እኔ ነኝ። እስከ ታክሲው ድረስ ተከተለችኝ።

“እግዜር ይስጥህ መሐንዲስ። አንተ ባትኖር ማን ይሸከምልኝ ነበር?” አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ “እውነት የኔ ውሃ ይሆን እንዴ?”

“ምን ይታወቃል” አልኳት።

ምን ይታወቃል! የሚያውቀው እኮ ሣጥኗን ተሸክሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ለእኔ በጣም ተመቸኝ። ፋብሪካ ውስጥ ከወደቀ ማሽን ሞላ ፈታሁና አስማምቼ ገጠምኩ፤ ቀድሞውንም ያ ሞላ እዚያው ነበር፤ ለመፍታት ሰንፌ ነው ተልባ ላይ የተራቀቅኩት። ፍቅሬ ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። እንዲያውም ወፍሮ ተመለሰ፤ የስንቅ ቤት አስይዘውት ነበር። እትዬ ሳሙት፣ አገላብጠው ሳሙት፣ ያመለጣቸውን ሁሉ ከነወለዱ ሳሙት። እኔም ከበጉ በልቼ፣ ጣቴን ልሼ፣ በቃ ተዘጋ አልኩ። እናት ልጇን ካገኘች ምን ቀረ?

አስካለ ቀረች።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሸጎሌ ከብት ተራው አጠገብ በላስቲክ በተወጠረች ቤት ሻይ ስትሸጥ እንዳያት ሰው ነገረኝ። ልነግራት ቆርጬ ሄድኩ። በእግሬ ነው የሄድኩት፤ እየሄድኩ ንግግሬን አሰናዳሁ። ስታየኝ የሻዩን በራድ ሳይሆን አፏን ነው የከፈተችው፣

“መሐንዲስ! አርጅተህ የለም እንዴ! ማነው እንዲህ ያጎበጠህ፣ አሳንሰር ወደቀብህ?”

ከበሬ ነጋዴዎቹ መሐል አስቀመጠችኝ። ሻይ ቀዳችልኝ። ደግማ ቀዳችልኝ። ስለ ፍቅሬ መመለስ ነገርኳት፤ እልል አለች፤ ነጋዴዎቹ ዞረው አዩን። “አስካለ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት” አልኳት።

“ቆይ፣ እኔ ልቅደም” አለችኝ። አጠገቤ ተቀመጠች። “ያን ውሃ ነገር ስንት ዓመት አሰብኩት መሰለህ። መጀመሪያ አንተ የተሳሳትክ መስሎኝ ተቀይሜህ ነበር፤ ይቅር በለኝ። በኋላ ሳስታውስ ሳስታውስ፣ ያን ሰሞን አንድ ቀን ባልዲ ደፍቼ ነበር። እዚያው በሩ ሥር። እኔ ነኝ መኮንን። እትዬን ከልጃቸው የለየሁት እኔ ነኝ። አንተ የምትገባ የምትወጣ ነህ፤ ይቅር እንዲሉኝ ለምንልኝ።”

ባልዲ ደፋች አልደፋች እግዜር ይወቅ። ያን ተልባ ያሳበጠው የእንጦጦ ውሃ ነው፤ ግድግዳውን በመዳፌ ነክቼዋለሁ። ማለት የነበረብኝ ይህ ነው። ውሸቴን እኔ ትቼው ስመጣ እሷ አንስታ፣ አሳድጋ፣ የራሷ አድርጋው ጠበቀችኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ቆይ፣ አትመልሱ። እናንተማ ትናገሩ ነበር።

“እነግራቸዋለሁ” አልኩና ተነሳሁ።

ለእትዬም አልነገርኳቸው። የበራቸውን መዝጊያ ይዤ የቆምኩበት ቀን አለ፤ ፍቅሬ ከፍቶ “ግባ እንጂ መሐንዲስ” ሲለኝ ሰላም ልላችሁ ነው ብዬ ተመለስኩ። በዓመቱ እትዬ ዐረፉ። አስካለ ይቅር ይበሉኝ ያለችው ለሌለ ጥፋት ነበር፤ ያንን እንኳ ሳላደርስ ቀረሁ።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ እናንተን አልበደልኩም። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ ጊዜው ክፉ ነበር አልልም። ጊዜው ክፉ ነበር፤ ግን ደርግ መዘውሩን እንዳላዞር አልከለከለኝም፤ “ወለሉ ሲታጠብ” በል ብሎ አብዮት ጥበቃ አልላከብኝም። አስካለ ዛሬም አለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ የእህቷ ልጅ ናት አሁን ሻዩን የምትቀዳው ይላሉ። ይህን ጽሑፍ ወስጄ ላነብላት እችላለሁ። እችላለሁ ማለት ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን ገብቷችኋል።

ያን ዕለት ከሸጎሌ የወጣሁት እንደ ሌባ ነው። ካጠገቤ የነበረው ከብት ነጋዴ፣ “አባት! የጠጡትን ሳይከፍሉ!” ብሎ ጮኸብኝ። አስካለ ከምድጃው ሳትነሳ መለሰችለት።

“ተዉት፣ የኔ ሰው ነው። ሌላ ቀን ይከፍላል።”

ሁለት ብርጭቆ ሻይ ነው። እስካሁን አልከፈልኩም።